እህቴን «ብራዚል ሄደሽ ፀጉር አምጪልኝ» የሚላት ሰው አለ፤ ምን ትላላችሁ?

የባሶ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ አንድ ፀጉር ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ሹሩባውም ዊጉም ይሆንላታል፣ እሷ ከሌለች ተመልሰው የሚሄዱ ደንበኞች አሏት። በቅርቡ አንዷ ደንበኛዋ ከአንድ የውጭ ዜጋ ጋር አስተዋወቀቻት። ባሏ ይሁን ጓደኛዋ አልገባኝም። ሰውየው የፀጉር ቢዝነስ አለኝ ይላል። ያላትን ልንገራችሁ። ሳኦ ፓውሎ ትሄዳለች፣ ሳምንት ያህል ሆቴል ትቀመጣለች፣ እዚያ ያሉ ሰዎቹ ሂዩማን ሄር (የሰው ፀጉር) ያሳዩዋታል፣ ጥራቱን አይታ ትመርጣለች፣ ይዛ ትመለሳለች። ቪዛውም ትኬቱም ሆቴሉም በእሱ ነው። ሥራው ሲያልቅ 2 ሺህ ዶላር ይሰጣታል። ግን ቀጥታ ወደ ቤቷ አይደለም የምትመለሰው። ቦሌ ላይ አውሮፕላን ቀይራ ሙምባይ ትቀጥላለች፣ ፀጉሩን እዚያ ታስረክባለች፣ ከዚያ ነው ወደ አዲስ አበባ።

እኔ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። 2 ሺህ ዶላር የስንት ወር ደመወዜ እንደሆነ ስልኬ ላይ አስልቼ አንገቴን ደፋሁ። ልጅቷ ብትጓጓ አልፈርድባትም።

እናታችንማ ደስታዋ ልክ የለውም። ልጄ በአውሮፕላን ልትሄድ ነው ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች፣ ለጻድቃኔ ማርያም ጃንጥላ ተስላለች። እኔ ግን ልቤ አልቀበል አለ። «ዕፅ ቢሆንስ?» ብላት «አንተ ሁሌ እኔ ልነሳ ስል ነው ፊቴ የምትቆመው» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

እንዲህ ያለ ሥራ በእውነት አለ ወይ? ሻንጣው ውስጥ ያለውን ሳታውቅ ብትያዝስ «አላውቅም» ማለት ያድናታል? ደግሞስ ሳንጣላ እንዴት ነው የማናግራት? የምታውቁ ንገሩኝ።

ዊግ ሰፊዋ፦

ወንድሜ፣ ስለ ዕፅ አላውቅም። ስለ ፀጉር ግን ልንገርህ፣ እንጀራዬ ነው።

ገበያው ላይ «ብራዚሊያን» እየተባለ የሚሸጠው ፀጉር አብዛኛው ብራዚልን ረግጦ አያውቅም። የሰው ፀጉር በብዛት የሚወጣው ከሕንድ ነው። እንደ ቲሩፓቲ ባሉ ትልልቅ የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ምእመኑ ተስሎ ይላጫል፣ ቤተ መቅደሱ ደግሞ ያንን ፀጉር በጨረታ ይሸጠዋል። ከዚያ የቻይናና የሕንድ ፋብሪካዎች ያበጥሩታል፣ ይሰፉታል፣ ስም ያወጡለታል። ታዲያ ፀጉር ከብራዚል ገዝቶ ሕንድ ወስዶ መሸጥ ምን የሚሉት ንግድ ነው? ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይዞ ወርዶ ለመሸጥ እንደመሞከር ነው እኮ!

ሌላም አለ። ለአንድ ሻንጣ ፀጉር ብሎ ሰው በአውሮፕላን የሚልክ ነጋዴ አላየሁም። አቅራቢው በቪዲዮ ያሳይሃል፣ ናሙና ይልክልሃል፣ ከተስማማህ በካርጎ ይጭናል፣ ቀረጥ ከፍለህ ታወጣለህ። የደርሶ መልስ ትኬት፣ ሆቴል፣ ቪዛ፣ በዚያ ላይ 2 ሺህ ዶላር። አንድ ሻንጣ ፀጉር ይሄን ሁሉ ወጪ ችሎ ምን ሊያተርፍ ነው? ይሄን እህትህ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ ስለ ዕፅ አትንገራት። ቁጭ ብላችሁ ሒሳቡን አሠራት። ባለሙያ ሰው በሙያው ከመጡበት አይቆጣም።

ትራንዚተሩ፦

ዊግ ሰፊዋ ጨርሳዋለች። እኔ ዕቃ በማስለቀቅ ሥራ ላይ ስለሆንኩ ስለ መንገዱ ትንሽ ልጨምር።

ኮኬይን የሚሠራው ከኮካ ቅጠል ነው። ኮካ በብዛት የሚበቅልባቸው አገሮች ሦስት ናቸው፣ ኮሎምቢያ፣ ፔሩና ቦሊቪያ። ካርታ አውጣና እይ፣ ብራዚል ሦስቱንም ትዋሰናለች። ስለዚህ መውጫ በር ሆናለች። ብዙው በኮንቴይነር ተጭኖ እንደ ሳንቶስ ካሉ ወደቦች ወደ አውሮፓ ይሄዳል። በሰው ሻንጣና በሰው ሆድ የሚሄደው ከዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፣ የሰውን ሕይወት የሚበላው ግን ያ ትንሹ ነው።

አዲስ አበባ ለምን ካልክ፣ የአዲስ አበባና የሳኦ ፓውሎ መስመር እ.ኤ.አ በ2013 ተከፍቷል፣ ከቦሌ ደግሞ ወደ እስያም ወደ መካከለኛው ምሥራቅም ወደ መላው አፍሪካም ትበራለህ። አየር መንገዱን ለመውቀስ አይደለም። ዱባይም ዶሃም ኢስታንቡልም ያው ችግር አለባቸው፣ ብዙ ሰው አውሮፕላን የሚቀይርበት ቦታ ሁሉ ለእነዚህ ሰዎች ይመቻቸዋል። የሕንድ ጋዜጦችም ከአዲስ አበባ በገቡ በረራዎች ላይ ኮኬይን የያዙ ተጓዦች ተያዙ እያሉ ደጋግመው ጽፈዋል። የተያዙት ከየአገሩ ነው፣ የእኛው ልጆች ብቻ አይደሉም። እህትህ የተነገራት መንገድ ግን ቁርጥ ያ ነው፣ ሳኦ ፓውሎ፣ ቦሌ፣ ሙምባይ።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ ስማ። የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል ቢሮ እ.ኤ.አ በ2025 ባወጣው ሪፖርት በ2023 የተመረተው ኮኬይን ከ3,700 ቶን በላይ ነው፣ ከዓመቱ በፊት ከነበረው በሲሶ ያህል ጨምሯል። 25 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይጠቀመዋል። አንድ ኪሎው ኮሎምቢያ ውስጥ በጥቂት ሺህ ዶላር ይገኛል። አውሮፓ ሲገባ ብዙ አሥር ሺህ ይሆናል፣ አውስትራሊያ ሲደርስ ከ100 ሺህ ይዘላል። ቅጠሉ አልተለወጠም፣ ዱቄቱም ያው ነው። ዋጋው የሚሰቀለው ድንበር በተሻገረ ቁጥር ነው፣ ያንን ድንበር በራሷ ፓስፖርት፣ በራሷ ስም፣ በራሷ አሻራ የምትሻገረው ደግሞ እህትህ ናት። ለዚህ ነው 2 ሺህ ዶላር እሷ ዓይን ውስጥ ገብቶ እነሱ ኪስ ውስጥ የማይታወቀው።

አደባበቁን ብዙ ባልዘረዝር ይሻላል፣ የሚታወቀውን ልበል። የሻንጣ ድርብ ወለል፣ የእጀታው ብረት፣ የሻምፖና የቅባት ዕቃ፣ የጫማ ሶል፣ በፈሳሽ ተነክሮ የደረቀ ልብስ። የሚያስውጡም አሉ። አንዷ ፍሬ 10 ግራም ገደማ ናት፣ ኪሎ ለመሙላት መቶ ያህል መዋጥ ነው። አንዷ ሆድ ውስጥ ከፈነዳች አውሮፕላኑ እስኪያርፍ እንኳ ላታደርስ ትችላለች። ብዙ ልጆች ሲሄዱ ሻንጣ ነው የሚባሉት፣ እዚያ ሆቴል ከተቀመጡ በኋላ ነው «ሻንጣው ቀርቷል፣ ዋጪ» የሚመጣው። ያን ጊዜ ፓስፖርትሽም የመመለሻ ትኬትሽም እነሱ እጅ ላይ ነው፣ ቋንቋ አታውቂ፣ ዘመድ የለሽ፣ እምቢ ብለሽ ወዴት ትሄጃለሽ?

አንድ ጥያቄ ጠይቃት። ሻንጣውን ማነው የሚገዛው?

ከችሎት ደጅ፦

«አላውቅም» ማለት ያድናታል ወይ ላልከው እኔ ልመልስ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ውሎዬ ፍርድ ቤት ነው፣ ደብረ ብርሃን።

ከራሳችን ልጀምር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ዕፅ ያዘዋወረን ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ ይቀጣል። እሺ፣ እዚህ ቢያንስ በአማርኛ ትከራከራለች፣ እናቷም ስንቅ ታደርስላታለች። ብራዚል ላይ ብትያዝ እ.ኤ.አ በ2006ቱ ሕጋቸው ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው፣ ከአገር ወደ አገር የሚሻገር ሲሆን ከአንድ ስድስተኛ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይጨመርበታል። ሕንድ ላይ ኮኬይኑ ከ100 ግራም ከበለጠ «የንግድ መጠን» ይባላል፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ እስከ 20 ነው፣ ዋስትና ማግኘትም እጅግ ከባድ ነው።

ዋናው ግን ይሄ አይደለም። እኛ የለመድነው ከሳሽ ያስረዳ የሚለውን ነው። በሕንዱ የዕፅ ሕግ ግን ፍርድ ቤቱ የሚነሳው «ዕቃው እጇ ላይ ከተገኘ አውቃ ነው የያዘችው» ከሚል ግምት ነው። አለማወቋን የማስረዳቱ ሸክም ወደ እሷ ይዞራል። ሲንጋፖርም እንዲሁ ነው፣ እዚያ ደግሞ ከ30 ግራም የበለጠ ንጹሕ ኮኬይን ያዘዋወረ ሰው ቅጣቱ ሞት ነው። ቻይና 50 ግራም ሄሮይን ከ15 ዓመት እስራት እስከ ሞት ያስፈርዳል። 50 ግራም እኮ እፍኝ አይሞላም። እህትህ ምን ብላ ታስረዳለች? ሰውየውን በቅጽል ስሙ ነው የምታውቀው፣ ውል የላትም፣ ደረሰኝ የላትም፣ የተደዋወሉት በዋትሳፕ ነው፣ ዳኛው ደግሞ «ይሄን ያህል ተከፍሎሽ ምን ይዣለሁ ብለሽ አልጠየቅሽም?» ይላታል። እኔም ዳኛ ብሆን እጠይቃታለሁ።

ኤምባሲ ያስፈታኛል የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ በ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ስምምነት መሠረት የታሰረ ሰው ከጠየቀ ለቆንስላው ይነገርለታል፣ ቆንስላው ሊጎበኘው፣ ጠበቃ ሊያፈላልግለት ይችላል። የሌላ አገር ፍርድ ቤት ያሰረውን መፍታት ግን አይችልም። ቤተሰብ ሁሉ ይሄን የሚሰማው ልጁ ከታሰረ በኋላ ነው፣ ወረቀት ተሸክሞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት።

የሮቢት ልጅ፦

እኔ ብራዚልን አላውቅም። የማውቀው የሳዑዲዋን ጂዛንን ነው፣ እሱንም በስልክ።

የአጎቴ ልጅ ከቀወት ነው የተነሳው። በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን። የዚያን መንገድ መከራ አሁን አላወራም፣ የእኛ አካባቢ ሰው ያልሰማው የለም። ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ፣ እስከ ከሚሴ ልጅ ያልሸኘ ቤት ፈልግ ብትባል ትቸገራለህ። አጎቴ በሬ ሽጦ ነው የላከው። የሳዑዲ ድንበር ጋ ሲደርሱ ደላሎቹ ተጨማሪ ክፈል አሉት። ከየት ያምጣ? «እንግዲያው ይችን ከረጢት ተሸክመህ ተሻገር፣ ዕዳህ ቀረ» አሉት። ምንድነው ብሎ ጠይቋል፣ ቅጠል ነው አሉት። ይፋት ላደገ ልጅ ቅጠል ማለት ጫት ነዋ፣ ሌላ ምን ሊመስለው ነው? ጫትም ቢሆን ሳዑዲ ወንጀል ነው፣ ግን የተሸከመው ሐሺሽ ነበር።

ተራራው ላይ ያዟቸው። በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት አስፈረሙት። ምን እንደፈረመ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሳዑዲ በዕፅ ክስ የሞት ቅጣት መፈጸም ለተወሰነ ጊዜ አቁማ ነበር፣ እ.ኤ.አ በኅዳር 2022 እንደገና ጀመረች። በ2024 ብቻ በዕፅ ጉዳይ ከ100 በላይ ሰው ተገድሏል። ከተገደሉት ውስጥ የእኛ አገር ልጆች፣ ሶማሌዎች፣ የመኖች፣ ፓኪስታኖች አሉ። የዕፁ ባለቤት የሆነ አንድ ሰው ስም ግን እስካሁን አልሰማሁም፣ የሰማ ካለ ይንገረኝ።

አንዳንዴ ይደውላል። ስለ ፍርዱ ስትጠይቀው ይዘለዋል። «ማሽላው ዘንድሮ እንዴት ነው? ወፍ አልጨረሰውም?» ነው የሚለው። አጎቴ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጎ ስለ ማሽላው ይነግረዋል። ዝናብ መጣ፣ ዝናብ ቀረ፣ እነ እንትና አጨዱ። ደቂቃው ያልቅና ይቋረጣል። አክስቴ ደግሞ ገና እየተንደረደረች ነው ከጓዳ የምትወጣው፣ አንድም ቀን አድርሷት አያውቅም።

ይሄን የጻፍኩት እህትህ በቦሌ፣ በቪዛ፣ በወንበር ቁጥር ስለምትሄድ በእግሩ ከሄደው ልጅ የተሻለች እንዳይመስላት ነው። ሥራው አንድ ነው። እሱን በዕዳ ያዙት፣ እሷን በተስፋ።

ሁሉን አትፍሩ፦

እኔ ደግሞ ልቃወም። ሰው አገር ሊወጣ ነው ሲባል ሁላችሁም መርማሪ ትሆናላችሁ። ስንት ልጅ በፀጉርና በልብስ ንግድ ተመላልሶ ቤት ሠርቷል። ለዚያኛውስ ማን ይጽፍለታል?

ደግሞ ይሄ ዓለም አቀፍ የዕፅ ቁጥጥር የምትሉት ነገር ግብዝነት ነው። ኤች.ኤስ.ቢ.ሲ የሚባለው ትልቅ ባንክ የሜክሲኮ የዕፅ ካርቴሎች ገንዘብ በውስጡ ሲያልፍ ባለመከልከሉ እ.ኤ.አ በ2012 ለአሜሪካ መንግሥት 1.9 ቢሊዮን ዶላር ከፈለና ጉዳዩ አለቀ። አንድም ኃላፊ ለዚያ አልታሰረም። ሻንጣ የጎተተች ምስኪን ግን 15 ዓመት። ደግሞ ማን ነው ይሄ ዕፅ ነው፣ ያ አይደለም የሚለው? የኮካ ቅጠል በ1961ዱ ስምምነት ከሄሮይን ጋር አንድ ላይ ተመዘገበ፣ የቦሊቪያ ገበሬ ግን አያቱም ያኝኩት ነበር። አገራቸው ተቃውማ ከስምምነቱ ወጣች፣ በ2013 ማኘክ በአገሬ ይፈቀዳል ብላ አስመዝግባ ተመለሰች። የእኛ ጫት ደግሞ በዚያ ስምምነት ውስጥ የለም። ለንደን ላይ እስከ 2014 በሱቅ ይሸጥ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ወንጀል ሆነ። ይፋት ላይ ገበሬው ቀረጥ የሚከፍልበት ቅጠል ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ያሳስራል።

ቢከለከልስ ምን ለውጥ አለ? ታሊባን በ2022 የሄሮይን መሥሪያ የሆነው ኦፒየም አይዘራም አለ፣ በ2023 የአፍጋኒስታን ምርት በ95 ከመቶ ወረደ፣ ወዲያው ሚያንማር አንደኛ አምራች ሆነች። አንዱ ጋ ሲዘጋ ሌላው ጋ ይከፈታል። ልጅቷን ማስፈራራት ምን ይጠቅማል?

ትራንዚተሩ፦

ስለ ባንኩ ያልከው እውነት ነው። እኔም ያናድደኛል። ግን አሳብህን እስከ መጨረሻው ውሰደው እንጂ። ባንኩ በገንዘቡ ከወጣ፣ ልጅቷ በምኗ ልትወጣ ነው? ዓለም ፍትሐዊ ቢሆን ኖሮ ሂጂ ብለን ባልከለከልናት።

ትልልቆቹም አይነኩም ማለት አይደለም። ኬንያ ውስጥ አካሻ የሚባሉ ወንድማማቾች ለዓመታት የሚደፍራቸው አልነበረም። ከአፍጋኒስታን ሄሮይን ከፊሉ በጀልባ ከማክራን ጠረፍ (ከኢራንና ከፓኪስታን ባሕር ዳርቻ) ተነስቶ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ሌላው ዓለም ያልፋል፣ እነሱ በዚያ መንገድ ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ2017 ለአሜሪካ ተላልፈው ተሰጡ፣ ታላቅየው በ2019 ኒውዮርክ ላይ 25 ዓመት ተፈረደበት። ይያዛሉ፣ ግን ከስንት ተሸካሚ በኋላ!

ስለ ጫት ያልከውን ግን ያነበበ ሁሉ ልብ ይበል። እዚህ ቀልድ ነው የሚመስለን። «ለወንድሜ ትንሽ የደረቀ ቅጠል» ብላችሁ ወደ አሜሪካ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ዐረብ አገር በምትሄድ ሴት ሻንጣ አትክተቱ። እዚያ የሚመዘገበው በዕፅ ነው።

የመሐል ሜዳዋ፦

ልጄ፣ እኔ ቤይሩት ኖሬ የተመለስኩ ነኝ። ስለ ሕጉ እነሱ ይወቁት። እኔ ስለ አደራ ዕቃ ልንገርህ።

እንግዲህ የእኛን ጠባይ ታውቀዋለህ። አንድ ሰው ሊሄድ ነው ከተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃ ይዞ ይመጣል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ከመንዝ ደግሞ ባና የሚልክ አለ። እምቢ ካልክ ተቀያየምክ። እኔ አንድ ነገር ለመድኩ። ዕቃው ሲመጣ ባለቤቷን ቁጭ አደርጋትና ቡና እያፈላሁ ፊቷ እፈታዋለሁ። ላስቲኩን ጥዬ በራሴ ላስቲክ እገለብጣለሁ። በርበሬውን በወንፊት እነፋዋለሁ፣ ሽሮ ውስጥ እጄን እስከ ክንዴ እከታለሁ። ባናውን ዘርግቼ ጠርዙን በጣቴ እዳብሰዋለሁ፣ የተሰፋ ከመሰለኝ እተረትረዋለሁ። አንዷ «እኔን ታሚኛለሽ?» ብላ ተቆጣች። አንቺንስ አምንሻለሁ፣ የሰጠሽን ግን አላውቀው አልኳት። ቡናዋን ሳትጨርስ ዕቃዋን ይዛ ሄደች። ሄደች፣ ምን ይሁን?

እነዚህ ሰዎች የሚገቡት በዚሁ በኩል ነው። አደራ መመርመር ነውር ስለሆነብን። የእህትህም ነገር ከዚህ አይለይም፣ ደንበኛዋን ስለምታውቃት ሰውየውን ያወቀችው መሰላት።

አትቆጣት። ከተቆጣሃት ተደብቃ ትሄዳለች፣ እኔ በዚያ ዕድሜዬ እንዲያ ነበርኩ። ይልቅ ሰውየውን እሷ ራሷ ትፈትነው። «ትኬቱን እኔ በራሴ ልቁረጥ፣ ብሩን ኋላ ትሰጠኛለህ» ትበለው። «ሻንጣውን እኔ እዚያው ገበያ እገዛለሁ፣ ፀጉሩን ራሴ እከታለሁ፣ ቀሪውን በካርጎ ላከው» ትበለው። ነጋዴ ከሆነ ምን ቸገረው? ለእናትህም አንተው ንገራት፣ ለጎረቤት ያወራችው ነገር እንዳይከብዳት። ስለቱም አይጠፋም፣ ልጇ ስትቀርላት ታስገባዋለች።

የባሶ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የእርስዎን ቃል በቃል ነው የነገርኳት።

መጀመሪያ የዊግ ሰፊዋን ሒሳብ አሠራኋት። «ፀጉር ሕንድ ወስደሽ ለማን ልትሸጪ ነው?» ስላት ዝም አለች። ከዚያ «እኔም እሱ ነገር ከንክኖኝ ነበር፣ ግን ይሄን ያህል ዶላር ሲባል አልጠየቅኩም» አለችኝ። ማታ ለሰውየው ደወለችለት፣ እኔም እሰማ ነበር። ሻንጣ እኔ እገዛለሁ ስትለው አይሆንም አለ፣ ሻንጣው ከድርጅቱ ነው የሚሰጠው፣ ቁልፉ የተለየ ነው አለ። ካርጎ ስትለው ሳቀ። ትኬቱን ልቁረጥ ስትለው ተቆጣ። «ስንት ሴት ተሰልፋ እየለመነችኝ አንቺ ጥያቄ ታበዢያለሽ?» አላት። እሷም አልሄድም ብላ ዘጋችው። አልቅሳለች፣ ለፀጉር ቤቷ ቤት ኪራይ ጠይቃ ነበር፣ የራሷን ልትከፍት።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ፓስፖርቷ እሱ ጋ ነው። ለቪዛ ብሎ ወስዶታል። ዛሬ ስትጠይቀው «ለቪዛው ያወጣሁትን 400 ዶላር መልሺና ውሰጂ፣ ካልሆነ ሥራሽን ሥሪ» አለ። ደንበኛዋ ደግሞ ሰኞ አስመልስልሻለሁ፣ ለማንም አትናገሪ ትላለች። ሰኞን እንጠብቅ ወይስ ፖሊስ ጋ ልሂድ? ፖሊስ ጋ ብንሄድ እሷንስ አይጠረጥሯትም?

የሮቢት ልጅ፦

400 ዶላሩን እንዳትከፍሉ። ከከፈላችሁ ነገ ሌላ ይጨምራል።

ሁሉን አትፍሩ፦

በሻንጣው ነገርማ እኔም አልከራከርም፣ ይሄ ነጋዴ አይደለም። ፖሊስ ጋ ሂዱ።

ከችሎት ደጅ፦

ሰኞን አትጠብቁ። ደንበኛዋ ለማንም አትናገሪ ያለችው ለእህትህ አስባ አይደለም።

ፓስፖርት ለዕዳ መያዣ አይሆንም፣ እሱም ይሄን ያውቃል። እሷ ራሷ በምትኖርበት ክፍለ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ታመልክት። አንተ አብረሃት ሁን እንጂ አንተ አትናገርላት፣ ቃሏን እሷ ትስጥ። ምንም አልያዘችም፣ የትም አልሄደችም፣ ቀድማ ያመለከተች ሰው ናት፣ ይሄ ለእሷ ጥሩ ነው። የጽሑፍና የድምፅ መልእክቶቹን አንዱንም አታጥፉ፣ ስልኩን ይዛችሁ ሂዱ። የትኬት ወይም የሆቴል ማረጋገጫ ልኮላት ከሆነ እሱንም አሳዩ፣ የከፈለው ሰው ስም እዚያ ላይ ሊኖር ይችላል። ማመልከቻው የተመዘገበበትን ቁጥር ተቀበሉ። ከዚያ በዚያው ቀን ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሄዳችሁ ፓስፖርቱ በሌላ ሰው እጅ እንዳለ አሳውቁ፣ በስሟ ሌላ ነገር እንዳይሠራበት።

ደንበኛዋንም ሰውየውንም ከእንግዲህ አትደውሉላቸው፣ ቀጠሮም አትያዙ። እህትህ ለጥቂት ቀን ብቻዋን አትደር። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ይህች ሴት ያናገረቻት ሌላ ልጅ ካለችም ጠይቁ፣ «ስንት ሴት ተሰልፋ» ያለው ውሸት ላይሆን ይችላል።

የባሶ ልጅ (ጠያቂ)፦

አለች። ከእሷ ጋር የምትሠራ የምንጃር ልጅ አለች፣ ቪዛዋ ወጥቷል ብላኛለች። ነገ በማለዳው መኪና እገባለሁ፣ ሁለቱንም ይዤ ነው የምሄደው።